ለሰባት ቀን ዕረፍት የዕድሜ ልክ መዋጮ

ታይምሼር ወይም የጊዜ ድርሻ የሚባለው ውል አንድን የዕረፍት ቤት ብዙ ሰዎች በየተራቸው እንዲያርፉበት የዓመቱን ቀናት በሳምንት ወይም በነጥብ ከፋፍሎ የሚሸጥ ሲሆን፣ ገዢው በመጀመሪያ ጠቀም ያለ ገንዘብ ከፍሎ መብቱን ካገኘ በኋላ ውሉ ጸንቶ እስከሚቆይበት ጊዜ ድረስ በየዓመቱ የጥገና መዋጮ እየከፈለ ይዘልቃል። የጥገና መዋጮ ማለት ለቤቱ እድሳት፣ ለጽዳት፣ ለመድን፣ ለንብረት ግብርና ለአስተዳደር ሠራተኞች ደመወዝ የሚወጣው ወጪ ተደምሮ ለባለድርሻዎቹ የሚከፋፈልበት ክፍያ ነው። ይህ ዲስኩር የሚመዝነው በሰሜን አሜሪካ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን፣ በተለይም ከአቀስታ፣ ከመካነ ሰላምና በዙሪያው ካለው የደቡብ ወሎ ደጋ የወጡ ቤተሰቦች፣ ልጆቻቸውን በየዓመቱ ወደ ትልልቅ የመዝናኛ ፓርኮች ለመውሰድ ሲሉ እንዲህ ያለውን ውል ቢፈርሙ የሚያተርፉትንና የሚያጡትን ነው። ከዚህ አካባቢ በብዛት የሚሰደደው ወጣት ወደ ሳዑዲ ዓረቢያና ወደ ሌሎች የዓረብ አገሮች የሚሄድ ቢሆንም፣ በአሜሪካ የሚኖሩት ዘመዶች የሚገቡበት የረጅም ጊዜ ዕዳ አቀስታ ላለው ቤተሰብ በሚላከው ገንዘብም ሆነ በሚደረገው የዘመድ ጥየቃ ላይ ጥላውን ማጥላቱ ስለማይቀር፣ ጉዳዩ በአቀስታም ሊነገር የሚገባው ነው።

የጊዜ ድርሻ ሽያጭ የተጀመረው በአውሮፓ ነው። በስዊዘርላንድ እ.ኤ.አ. በ1963 የተመሠረተው ሃፒማግ የተባለው ድርጅት አባላቱ በጋራ ገንዘብ በተገዙ የዕረፍት ቤቶች በነጥብ እንዲገለገሉ ያደረገ ሲሆን፣ በፈረንሳይ የአልፕስ ተራሮች ደግሞ በዚያው አሥርት ዓመት ውስጥ የበረዶ መንሸራተቻ መዝናኛ ገንቢዎች ደንበኞቻቸውን ክፍል በየዓመቱ ከመከራየት ይልቅ ሳምንቱን እንዲገዙ መጋበዝ ጀመሩ። ሐሳቡ ወደ አሜሪካ ተሻግሮ የተስፋፋው በ1970ዎቹ አጋማሽ ሲሆን፣ ጊዜው የነዳጅ ቀውስና የቤት ገበያ መቀዛቀዝ ተደራርበው በፍሎሪዳ ግዛት ለዕረፍት የተሠሩ በርካታ አፓርታማዎች ገዢ ያጡበት ነበር፤ አንዱን አፓርታማ ለአንድ ቤተሰብ መሸጥ ያቃተው ገንቢ ያንኑ አፓርታማ ለ50 ቤተሰቦች ሳምንት ሳምንት አድርጎ ሊሸጠው እንደሚችል የታወቀው ያን ጊዜ ነው። በ1974 ደግሞ አርሲአይ የተባለው የልውውጥ ኩባንያ በኢንዲያናፖሊስ ተቋቋመና አንዱ ባለድርሻ የራሱን ሳምንት ሰጥቶ በሌላ ከተማ ያለ የሌላ ሰው ሳምንት የሚወስድበትን መንገድ ከፈተ። ይህን ታሪክ ማወቅ የሚጠቅመው ውሉ መጀመሪያ የሻጩን ችግር ለማቃለል የተፈጠረ መሆኑን ስለሚያሳይ ነው። የአሜሪካ የዘርፉ ማኅበር በቅርብ ዓመታት ያወጣው የአንድ ሽያጭ አማካይ ዋጋ ወደ 24,000 ዶላር የሚጠጋ ሲሆን፣ በዚህ አማካይ አንድ አፓርታማ ለ50 ገዢዎች ቢሸጥ 1,200,000 ዶላር ያስገኛል፤ ይህ ገንዘብ በብዙ ከተሞች ከአፓርታማው የገበያ ዋጋ በብዙ እጅ ይበልጣል፤ ልዩነቱም የሚውለው በአብዛኛው ለማስታወቂያ፣ ለሻጮች ኮሚሽንና ለትርፍ ነው።

የመዝናኛ ፓርኮቹ ነገር ከዚህ ጋር የተያያዘው ቀስ በቀስ ነው። ዲዝኒላንድ በካሊፎርኒያ አናሃይም እ.ኤ.አ. በ1955፣ ዋልት ዲዝኒ ወርልድ ደግሞ በፍሎሪዳ ኦርላንዶ አጠገብ በጥቅምት 1971 ተከፈቱ። ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩበት በዋሽንግተን ዲሲና በአሌክሳንድሪያ ዙሪያ ላሉ ቤተሰቦች የሚቀርቡት ሁለቱ የቨርጂኒያ ፓርኮች፣ ማለትም የዶስዌሉ ኪንግስ ዶሚኒየንና የዊልያምስበርጉ ቡሽ ጋርደንስ፣ ሁለቱም በ1975 ሥራ ጀመሩ። ኩባንያው ዲዝኒ ራሱ የዲዝኒ ቬኬሽን ክለብ የተባለውን የጊዜ ድርሻ ሽያጭ የጀመረው በ1991 ሲሆን፣ የሚሸጠው የተወሰነ ሳምንት ሳይሆን ነጥብ ነው። ነጥብ ማለት ገዢው በየዓመቱ የሚሞላለት የመገልገያ ልክ ሲሆን፣ በትምህርት ቤት ዕረፍትና በገና ሰሞን አንድ ሌሊት ብዙ ነጥብ፣ ጎብኚ በሚቀንስበት ወቅት ደግሞ ጥቂት ነጥብ ያስከፍላል፤ ያልተጠቀሙበትን ነጥብ ወደሚቀጥለው ዓመት ማሻገር ወይም ከመጪው ዓመት መበደር ይቻላል። መብቱም ዘላለማዊ አይደለም፤ ለምሳሌ የመጀመሪያው ኦልድ ኪ ዌስት የተባለው ማረፊያ ውል፣ ማራዘሚያ ካልተገዛበት በቀር፣ እ.ኤ.አ. በጥር 2042 ያበቃል። በዚህ ረገድ የዲዝኒ ውል ከሌሎቹ የሚሻል ነው ሊባል ይችላል፣ ምክንያቱም በብዙ ማረፊያዎች የሚፈረመው ውል ማብቂያ የሌለውና ከወላጅ ወደ ልጅ የሚተላለፍ በመሆኑ ነው።

አንድ ነገር ግን በሁሉም ዘንድ አንድ ነው። የጊዜ ድርሻ የሚገዛው መኝታ ቤትን ብቻ ነው። የፓርኩ መግቢያ ትኬት በዚህ ውስጥ የለም፤ በኦርላንዶ የአንድ ቀን ትኬት ለአንድ ሰው ከ100 ዶላር በላይ የሚያወጣ በመሆኑ አምስት ነፍስ ያለው ቤተሰብ አራት ቀን ቢገባ ለትኬት ብቻ ከ2,000 ዶላር በላይ ይከፍላል፤ የአውሮፕላን፣ የመኪና ኪራይና የምግብ ወጪም ለብቻው ነው።

ውሉ በብዛት የሚፈረምበት ቦታና ሁኔታ በቅርብ ሊታይ የሚገባው ነው። ቤተሰቡ ለዕረፍት ኦርላንዶ ወይም ዊልያምስበርግ እንደደረሰ በሆቴሉ መግቢያ ወይም በመንገድ ዳር ቅናሽ ትኬት የሚሸጥበት ጠረጴዛ ያገኛል፤ ከጠረጴዛው በስተጀርባ ያለው ሰው የአንድ ሰዓት ተኩል ገለጻ ለሚሰሙ ባልና ሚስት ነጻ የፓርክ ትኬት ወይም የስጦታ ካርድ እንደሚሰጥ ይነግራቸዋል። በማግስቱ ጠዋት ልጆቹ ወደ መጫወቻ ክፍል ይገባሉ፣ ወላጆቹ ቁርስ ይቀርብላቸዋል፣ ከዚያም በለሰለሰ አንደበት ስለ ሥራቸው፣ ስለ አገራቸውና ስለ ልጆቻቸው የሚጠይቅ ሻጭ አብሯቸው ይቀመጣል። ሻጩ በወረቀት ላይ ባለፉት ዓመታት ለሆቴል ያወጡትን ገንዘብ በ20 ወይም በ30 ዓመት እያባዛ ይጽፍና ያ ሁሉ ገንዘብ ለሌላ ሰው ኪራይ ሆኖ እንደሚቀር ያስረዳል፤ ቀጥሎ በዕቃ የተሟላ፣ ወጥ ቤትና ሰፊ ሳሎን ያለው አፓርታማ ያስጎበኛል። ወላጆቹ ሲያመነቱ ኃላፊ ነኝ የሚል ሌላ ሰው መጥቶ ዋጋውን ይቀንሳል፤ ቅናሹ ግን ለዚያች ቀን ብቻ እንደሆነ ይነገራቸዋል። አንድ ሰዓት ተኩል የተባለው ሦስትና አራት ሰዓት ይሆናል። እንግዳን አክብሮ ያስተናገደን ሰው ፊት መንሳት በሚከብድበት ባህል ያደገ ሰው ቁርሱን ከበላና ስጦታውን ከተቀበለ በኋላ እንቢ ማለቱ ከሌላው ይልቅ ሊያስጨንቀው ይችላል፤ ለዚህ ነው የገለጻው አሠራር ከዋጋው እኩል ሊታወቅ የሚገባው። በወረቀቱ ላይ የሆቴል ኪራይ በየዓመቱ እየጨመረ ሲሰላ የጥገና መዋጮው በየዓመቱ የሚጨምር መሆኑ አብሮ የሚሰላው እጅግ አልፎ አልፎ ነው።

ስሌቱን በአግባቡ ለማድረግ አንድ መላምታዊ ቤተሰብ ይወሰድ። ይህ ቤተሰብ 150 ነጥብ በነጥብ 200 ዶላር ይገዛል እንበል፤ የመነሻ ዋጋው 30,000 ዶላር ይሆናል። የዓመቱ መዋጮ 1,300 ዶላር ቢሆንና በየዓመቱ 4 በመቶ ቢጨምር በ20ኛው ዓመት ማብቂያ ላይ ወደ 2,850 ዶላር ይደርሳል፤ የ20 ዓመቱ መዋጮ ሲደመርም ከ38,000 ዶላር ያልፋል፣ ማለትም ከመነሻ ዋጋው ይበልጣል። ከዚህ ጋር የሚነጻጸረው አማራጭ ያንኑ ቤት ከሌላ ባለነጥብ ላይ መከራየት ሲሆን፣ ባለነጥቦች የማይጠቀሙበትን ነጥብ ለሌላ ሰው የሚያከራዩበት ገበያ አለ፤ ኪራዩ በነጥብ 20 ዶላር ተደርጎ ቢወሰድ ለ150 ነጥብ 3,000 ዶላር ይመጣል፤ ይህም እንዲሁ በየዓመቱ 4 በመቶ ይጨምራል እንበል። ቤተሰቡ ገንዘቡን ባንክ ቢያስቀምጠው ወይም ሌላ ሥራ ላይ ቢያውለው 4 በመቶ ያገኝበት እንደነበር ከተቆጠረ፣ የዋጋው ጭማሪና የገንዘቡ ፍሬ ስለሚካካሱ ሁሉንም በዛሬ ዶላር ማስላት ይቻላል። በዚህ መሠረት እጅ በእጅ ከፍሎ የገዛው ቤተሰብ 30,000 ዶላር የመነሻ ዋጋና ለ20 ዓመት መዋጮ 26,000 ዶላር፣ በድምሩ 56,000 ዶላር ያወጣል። በየዓመቱ የሚከራየው ደግሞ 60,000 ዶላር ያወጣል። ገዢው 4,000 ዶላር አተረፈ ማለት ነው፤ ነገር ግን ትርፍ የሚገኘው ቤተሰቡ ከ20 ዓመት ውስጥ ቢያንስ 19 ጊዜ የሄደ እንደሆነ ብቻ ነው። ሁለት ዓመት የቀረ ቤተሰብ፣ ነጥቡን ለማሻገር ወይም ለሌላ ለማከራየት ካልቻለ፣ ቢከራይ ይሻለው ነበር።

በብድር የገዛው ቤተሰብ ዕጣ ከዚህም የከፋ ነው። የጊዜ ድርሻ ብድር ወለዱ ከቤት ብድር በጣም ከፍ ያለ በመሆኑ ያንኑ 30,000 ዶላር በ12 በመቶ ወለድ በ10 ዓመት የሚከፍል ሰው በየወሩ ወደ 430 ዶላር፣ በጠቅላላው ደግሞ ወደ 51,650 ዶላር ይከፍላል። ይህ በዛሬ ዶላር ሲመለስ 42,500 ያህል ስለሚሆንና 26,000 ዶላሩ መዋጮ ሲጨመርበት 68,500 ዶላር ስለሚደርስ፣ ቤተሰቡ 20ውንም ዓመት አንድም ሳይቀር ቢሄድ እንኳ ከተከራዩ በላይ ያወጣል። ውሉ ከ20 ዓመት በኋላ የሚቀረው ዘመን ካለ ያ ዘመን የራሱ ዋጋ እንዳለው መካድ አይገባም፤ የዲዝኒ ነጥብም ከሌሎች ማረፊያዎች ይልቅ በዳግም ሽያጭ ዋጋውን የተሻለ ይዞ ይቆያል። ይሁን እንጂ በገለጻው ላይ በብድር የሚፈርመው ገዢ በዚህ ሊጽናና የሚችል አይደለም። ለአቀስታ አድማጭ ይበልጥ የሚታየው መዋጮው በብር ሲታሰብ ነው፤ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በአጭር ጊዜ ውስጥ ከ100 ብር በላይ ስለሆነ፣ 1,300 ዶላር መዋጮ ማለት በየዓመቱ ከ130,000 ብር በላይ ማለት ነው።

መዋጮው የማይቆም ክፍያ መሆኑ በኮቪድ-19 ወረርሽኝ ወቅት በግልጽ ታይቷል። ዋልት ዲዝኒ ወርልድ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2020 ተዘግቶ በሐምሌ እስከተከፈተ ድረስ ቤቶቹ ባዶ ቢሆኑም ባለድርሻዎች መዋጮ መክፈል ነበረባቸው። ከመደበኛው መዋጮ ሌላ ልዩ መዋጮ የሚባልም አለ፤ አውሎ ነፋስ ጣሪያ ሲያነሣ፣ አሳንሰር ሲበላሽ ወይም አሮጌ ሕንጻ እድሳት ሲፈልግ ወጪው ከመጠባበቂያው ገንዘብ ካለፈ ለባለድርሻዎች ተከፋፍሎ ይመጣል። ያልከፈለ ሰው ድርሻውን ሊያጣ፣ ስሙም በአሜሪካ የብድር ታሪክ መዝገብ ላይ ሊበላሽ ይችላል፤ የብድር ታሪክ ማለት ሰውየው ከዚህ በፊት የተበደረውን በጊዜው መክፈል አለመክፈሉን የሚያሳይ ምዝገባ ሲሆን፣ ቤት ለመግዛት፣ አንዳንዴም ቤት ለመከራየት የሚታይ ነው።

በተራ መጠቀም ለወሎ ደጋ ገበሬ እንግዳ ነገር አይደለም። መቀናጆ የተባለው አሠራር አንድ በሬ ብቻ ያላቸው ሁለት ጎረቤቶች በሬዎቻቸውን አንድ ላይ ጠምደው ዛሬ ለአንዱ፣ ነገ ለሌላው የሚያርሱበት ነው። አቀስታ ባለችበት በለጋምቦ ወረዳ ከፍታ የበልግ ዝናብ ጣል ሲል ገብስ ለመዝራት የሚገኘው ጊዜ አጭር ስለሆነ ተራው በጥንቃቄ ይጠበቃል፤ ነገር ግን እያንዳንዱ የራሱን በሬ ይዟል፣ የራሱን ገለባ ያበላል፣ የተቀናጀውን ሰው ያውቀዋል፣ ወቅቱ ሲያበቃም ካልተስማማው በሬውን ፈትቶ ከሌላ ጋር መጣመድ ይችላል። የጊዜ ድርሻ ገዢ ግን ተካፋዮቹን አያውቃቸውም፤ የጋራውን ቤት የሚያስተዳድረውን ኩባንያ በአብዛኛው የመረጠው ገንቢው ራሱ ነው፤ መዋጮው ስንት እንደሚሆን የሚወስነውም ከእርሱ የራቀ ቦርድ ነው፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ወቅቱ ሲያበቃ ፈትቶ መውጣት አይችልም። ውሉን ከመቀናጆ የሚለየው ዋናው ነገርም ይኸው የመውጫ በር አለመኖር ነው፤ በዋጋው ላይ የሚደረገው ክርክር ሁሉ ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣ ነው።

ሌላው የሚመዘነው ነገር ገንዘብ ሳይሆን የዕረፍት ቀን ነው። በኢትዮጵያ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለአንድ ዓመት አገልግሎት 16 የሥራ ቀናት የዓመት ፈቃድ እንዲሰጥ ሲደነግግ፣ በአሜሪካ በፌዴራል ደረጃ ለግል ድርጅት ሠራተኛ ደመወዝ የሚከፈልበት የዓመት ፈቃድ የሚያስገድድ ሕግ የለም፤ ስለዚህ በመኪና ማቆሚያ፣ በሆቴል፣ በነርሲንግ ቤት ወይም በታክሲ የሚሠራ ወላጅ በዓመት የሚያገኘው ዕረፍት ሁለት ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ ያነሰ ነው። ከዚህ ሁለት ሳምንት አንዱ በየዓመቱ ለኦርላንዶ ተይዞ ከተቀመጠ የአባት ሕመም፣ የእኅት ሠርግ ወይም የዘመድ ልቅሶ ሲመጣ ከዋሽንግተን ዱለስ ተነሥቶ አዲስ አበባ፣ ከዚያ ኮምቦልቻና ደሴ፣ ከዚያ በጉጉፍቱ በኩል አቀስታ ለመድረስ የሚቀረው ጊዜ ከመንገዱ የሚተርፍ አይሆንም። አንዱ ዓመት የሳምንቱ ተራ ይቀራል፣ መዋጮው ግን ይከፈላል፤ በቀደመው ስሌት 19 ከ20 የሚለው ልክ የሚፈርሰው እንዲህ ያለው ዓመት ሲደገም ነው። በሳዑዲ በቤት ሠራተኝነት የምትሠራ የዚህ አካባቢ ልጅ ደግሞ የምታገኘው ዕረፍት ጥቂት በመሆኑ፣ የዕረፍት ቀን ለስደተኛ ምን ያህል ውድ እንደሆነ ከእርሷ ይልቅ የሚያውቀው የለም።

በውጭ ተወልደው ያደጉ ልጆች ወደ አያቶቻቸው አገር የሚመጡት በአብዛኛው የአሜሪካ ትምህርት ቤቶች በሚዘጉበት በክረምት ነው። አቀስታ በሐምሌና በነሐሴ ጭጋግ፣ በረዶና ጭቃ የሚበረታበት፣ በሬም ሰውም ብርድ የሚጠብሰው ደጋ ስለሆነ ልጁ አገሩን በዚህ መልኩ ብቻ ካየ መሰልቸቱ አያስገርምም። በገና ሰሞን ግን ጠዋቱ ውርጭ ቢሆንም ቀኑ ጥርት ያለ ነው፤ በዚያ ወቅት የቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ብሔራዊ ፓርክን ማየት፣ በገደሉ አፋፍ ሣር የሚነጨውን የጭላዳ መንጋና በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኘውን ቀይ ቀበሮ መፈለግ ለልጅ የሚሰጠው ደስታ በትኬት ከሚገባበት ፓርክ የሚያንስ አይደለም። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የቀጠለው ግጭት ብዙ ቤተሰቦችን ከዚህ ጉዞ እንዳገዳቸው የታወቀ ሲሆን፣ አገር ቤት መሄድ ያልተቻለበትን ዓመት ልጆችን ወደ መዝናኛ ፓርክ በመውሰድ ማካካስም ተገቢ ነው፤ ያልተገባው የአንድ ክፉ ዘመን መፍትሔን የ40 ዓመት ውል ማድረግ ነው።

በአገር ውስጥም በትኬት ገብቶ መውጣት እየተለመደ መጥቷል። በቢሾፍቱ የኩሪፍቱ የውሃ ፓርክ በ2011 ዓ.ም. ተከፍቷል፤ በታላቁ ቤተ መንግሥት ቅጥር ግቢ ያለው አንድነት ፓርክ በመስከረም 2012 ዓ.ም. ለሕዝብ ሲከፈት መደበኛ መግቢያው 200 ብር ነበር፤ እንጦጦ ፓርክም በ2013 ዓ.ም. ተከትሏል፤ ገበታ ለሀገር በተባለው መርሐ ግብር ደግሞ ጎርጎራ፣ ወንጪና ኮይሻ ለማረፊያ ተመርጠው ተገንብተዋል። እነዚህ ሲበዙ የጊዜ ድርሻ ሽያጭ ወደዚህ መምጣቱ ሊቀር ስለማይችል ከወዲሁ ሊታሰብበት ይገባል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ በመሆኑ የማይሸጥ የማይለወጥ ነው፤ ስለዚህ የማረፊያ ቤት ሳምንት ገዢ ሊያገኝ የሚችለው በሕንጻው ላይ ያለ ድርሻ ወይም በሊዝ ዘመን የተወሰነ የመጠቀም መብት ብቻ ነው። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ የጋራ ባለሀብትነትን ሲደነግግ እያንዳንዱ ባለሀብት ድርሻውን ማስተላለፍ እንደሚችል ያወቀ ቢሆንም፣ በወረቀት የተፈቀደ ሽያጭ ገዢ እስካልተገኘ ድረስ ለባለድርሻው የሚፈይደው ነገር የለም።

በአሜሪካ የሆነውም ይኸው ነው። ገንቢው በ20,000 ዶላር የሸጠውን ሳምንት ባለቤቱ ከጥቂት ዓመታት በኋላ በ1 ዶላር ለገበያ አውጥቶ የሚወስድለት የሚያጣበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ሁለተኛው ገዢ ከድርሻው ጋር መዋጮውንም ስለሚረከብ ነጻ የሆነው ነገር እንኳ ይከብደዋል። ከዚህ ጭንቀት የሚያተርፉ አጭበርባሪዎች ደግሞ አሉ፤ ከውሉ እናወጣለን እያሉ በሺዎች የሚቆጠር ዶላር አስቀድመው ይቀበላሉ፤ የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ከዊስኮንሲን ግዛት ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2022 እንዲህ ባሉ ድርጅቶች ላይ ክስ መሥርቶ ከደንበኞች ከ90 ሚሊዮን ዶላር በላይ መውሰዳቸውን አመልክቷል። ስለዚህ በእርግጥ በየዓመቱ የሚሄድ፣ ዕዳ የሌለበት፣ ገንዘቡንም እጅ በእጅ የሚከፍል ቤተሰብ መግዛት ካለበት የሚሻለው ከገንቢው ሳይሆን ከቀድሞ ባለድርሻ በዳግም ሽያጭ መግዛት ነው፣ ምንም እንኳ ኩባንያዎች በዳግም ሽያጭ ለገዛ ሰው አንዳንድ ጥቅሞችን የሚነፍጉ ቢሆንም። ለሌላው ቤተሰብ ግን ነጥብ መከራየት ይበቃል፤ በአሌክሳንድሪያ ለሚኖርም በማለዳ ተነሥቶ ኪንግስ ዶሚኒየን ውሎ ማታ ቤቱ የሚገባበት የዓመት መግቢያ ካርድ አለ፤ ይህም መኝታ የሚባል ወጪ ጨርሶ የለበትም።

በቅርቡ የፈረመ ሰው ግን ሕግ የሰጠው አጭር የመሰረዣ ጊዜ አለው። የመሰረዣ ጊዜ ማለት ገዢው ምክንያት መስጠት ሳያስፈልገው ውሉን ትቶ የከፈለውን የሚያስመልስባቸው ቀናት ሲሆኑ፣ በፍሎሪዳ 10፣ በቨርጂኒያ 7፣ በኔቫዳ 5 ቀናት ናቸው፤ የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣው መመሪያ 14 ቀናት የሰጠ ከመሆኑም በላይ በእነዚያ ቀናት ቀብድ መቀበልን ከልክሏል። ስረዛው በስልክ አይሆንም፤ በውሉ ላይ በተጻፈው አድራሻ፣ የውሉ ቁጥርና የባለቤቶቹ ስም ተጠቅሶ፣ የሁለቱም ፊርማ ያለበት ደብዳቤ የመላኪያ ደረሰኝ በሚሰጥ ፖስታ መላክ አለበት። ሻጩ ስልክ ደውሎ ሌላ ቅናሽ ቢያቀርብ ደብዳቤው መላኩን አያስቀረውም። በስጦታ የተሰጠ ትኬት ካለ መመለስ ይጠየቅ ይሆናል፤ ከውሉ ዕዳ ጋር ሲተያይ ግን ኢምንት ነው።

ማብቂያ የሌለው ውል ባለቤቱ ሲሞት ወደ ወራሾቹ ያልፋል፤ ወራሽ ግን እንዲቀበል አይገደድም። በአሜሪካ ወራሹ ያን ንብረት እንደማይፈልግ በጽሑፍ አሳውቆ ሊተወው ይችላል፤ የፌዴራል የግብር ሕግ ለዚህ የሚቀበለው ጊዜ በአብዛኛው ከሞቱ ቀን አንሥቶ 9 ወር ሲሆን፣ የግዛቱ ሕግ የሚጠይቀው የምዝገባ ሥርዓትም መሟላት አለበት። ስለዚህ ወላጅ በሕይወት እያለ እንዲህ ያለ ውል እንዳለውና ወረቀቱ የት እንደተቀመጠ ለልጆቹ መንገር ይኖርበታል፣ ምክንያቱም ከሐዘኑ በኋላ በወላጁ ሳምንት አንድ ጊዜ እንኳ ሄዶ ያረፈ ወይም የመጣውን መዋጮ የከፈለ ልጅ ውርሱን እንደተቀበለ ሊቆጠርበትና መተው የሚችልበትን መብት ሊያጣ ስለሚችል ነው።